ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ

ኡሙኬሬ፣ የንክዎ ገበያ ማግስት፣ ፌብሩዋሪ 1928

ለእናቴ ልጅ ለኤዜንዋ፣

እንዴት ነህ? የሰሜኑ የአቧራ ንፋስ ከንፈርህን ሰነጣጥቆታል አሉ። የላክሁልህን የዘንባባ ዘይት ተቀባው እንጂ ሁሉንም ወጥ ውስጥ አትጨርሰው። እኛ ደህና ነን። ጣሪያው አያፈስም፣ ፍየሏ ወልዳለች፣ ጉልበቴ እንደ ልማዱ ነው።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። አዋጁ የተነገረው በገበያ ቀን ነው። ነጋሪው ንዎኪኬ የብረት ደወሉን እየደበደበ መሃል ገበያ ቆመና «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስኪነጋ በከተማው ክልል ከበሮ መምታት፣ መዝፈን፣ መውቀጥ፣ ሙሾ ማውረድ፣ ተሰብስቦ መጮህ ክልክል ነው! ያጠፋ ይታሰራል!» አለ። በርበሬ ሻጯ «ማስነጠስስ?» ብላ ጮኸች። «ማስነጠስ በፈቃድ ነው፤ መጥተሽ ተመዝገቢ» አላት። ገበያው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ አንዲት አሮጊት «ሌሊት ሰው ቢሞትብንስ?» ብላ ጠየቀች። ንዎኪኬ ወረቀቱ ያለ ይመስል እጁን አየና «እስኪነጋ ይጠብቅ» አለ። ያኔ የሳቀ የለም።

ማን ጠየቀው ላልኸኝ፣ የፈረንጁ ሹም ሚስት ራሷን ያማታል፣ እንቅልፍ አጣች ይላሉ። ይሆናል። ወረቀቱን አዘጋጅቶ ለሹሙ ያቀረበው ግን አማቻችን ጊልበርት ነው። እሱ ራሱ አይደብቀውም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ባርኔጣውን እያስተካከለ «እትዬ አኩአባታ፣ አሁን ከተማ ሆነናል፤ ከተማ ደግሞ ሌሊት ይተኛል» አለኝ። የፍርድ ቤት ጸሐፊም አስተርጓሚም እሱ ስለሆነ ከተማው ሲናገርም ሲተኛም በእሱ አፍ ነው።

ታናሽ እህታችን ኤጂንማ ደህና ናት። ሥራ በዝቶባት ነው ያልጻፈችልህ። ሌላ የምነግርህ የለኝም።

እህትህ አኩአባታ

——

ባሩ ጣቢያ፣ ማርች 11 ቀን 1928

ለክብርት እህቴ፣ ለእትዬ አኩአባታ፣

እግዚአብሔር በጤና ያቆይሽ። ዘይቱ ደርሶኛል፤ ግማሹን ተቀብቻለሁ፣ ግማሹን በልቻለሁ፣ አትቆጭኝ። እዚህ ሥራዬ ያው ነው። ቴሌግራፉ ሲንኳኳ እጽፋለሁ፤ ባቡር ሲመጣ መስመሩ ክፍት መሆኑን ለሚቀጥለው ጣቢያ አስተላልፋለሁ። ሰው ሲያጥረኝ ከሽቦው ጋር አወራለሁ።

በቆዳ ነጋዴው በኩል የላክሽልኝን ጥያቄ ደጋግሜ አሰብሁበት። ደንቡ ለሴቶች ጉዳይ በር ይተው እንደሆነ ነው የጠየቅሽኝ። አይተውም እትዬ። ደንብ ሴትና ወንድ አይለይም። ደግሞ በየትኛው ጉዳይ ነው? ያ ሚስቱን ይመታ የነበረው አናጢ አመሉ ተመለሰበት እንዴ? እውነቴን ልንገርሽ፣ እኔ አዋጁን አልጠላሁትም። ልጅ ሳለሁ ለፈተና ሳጠና ያ ከበሮ ምን ያህል እንዳሰቃየኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ጊልበርትም አብሮኝ ያጠና ነበር፤ አንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ፋኖስ። ኤጂንማን ሲጠይቀኝ ሳላቅማማ እሺ ያልሁት ልቡን ስለማውቀው ነው።

ከእሱ ጋር ነገር እንዳይፈጠር አደራ። ኤጂንማን ግን አንድ መስመር ትጻፍልኝ በያት። እኔ ራሴ ያስተማርኋት እጅ ነው፤ ፊደሏ ናፍቆኛል።

ታናሽ ወንድምሽ ኤዜንዋ

——

ኡሙኬሬ፣ የኤኬ ገበያ ዕለት፣ ማርች መጨረሻ

የእናቴ ልጅ፣

የኤጂንማ እጅ ምን ሆኖ ነው ብለህ ለቄሱ ሚስት መጻፍህን ሰማሁ። ከሌላ አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው። ዋሽቼሃለሁ፤ ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ መላክ እሳት በቅጠል ጠቅልሎ እንደመላክ ስለሚሆንብኝ ነው።

ቀኝ እጇ ተሰብሯል። ወጌሻው አስሮላታል። «ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ እትዬ» አለችኝ። የገባችበትን ጉድጓድ አውቀዋለሁ፤ ባርኔጣ አድርጎ ቢሮ የሚሄድ ጉድጓድ ነው። የፊት ጥርሷም የለም። ስትስቅ በእጇ ትከልለው ነበር፤ አሁን መሳቁንም ትታዋለች።

ድሮ ማታ ማታ ከበሮው ነበረ፣ የጎረምሶቹ ዘፈን ነበረ፣ ቦዬ የሚወቅጡ ሴቶች ነበሩ። የአንዱ ቤት ጉድ ለሌላው አይሰማም ነበር። አሁን ከሦስት ሰዓት በኋላ መንደሩ ምንም የለበትም። ቅጠል ሲወድቅ ይሰማል። የጊልበርት ቤትም ይሰማል። መጀመሪያ የእሱ ድምፅ ይመጣል፣ ቀስ ያለ፣ መጽሐፍ የሚያነብ ይመስላል። ቀጥሎ የሚመጣውን አልጽፈውም። ሁላችንም በየመኝታችን ሆነን እንሰማለን። ጠዋት ምንጭ ወርደን ውኃ ስንቀዳ ማንም የማንንም ዓይን አያይም።

የዘር ሐረጋችን ሴት ልጆች ሁሉ ታላቅ የሆኑት እማማ ኦይሪዲያ ጠርተውኝ ነበር። «አናጢውን ያስተካከልነው እንዴት ነበር?» አሉኝ። መቼም አትረሳውም፤ ሌሊት ዘነዘናችንን ይዘን ደጁ ላይ ተቀመጥን፣ ግድግዳውን እየመታን ሥራውን በዘፈን ዘረዘርንለት፣ እንቅልፍ ነሣነው። ጎህ ሲቀድ ፍየል እየጎተተ ወጣ፣ ሚስቱንም ከዚያ ወዲህ በጣቱ አልነካትም። አባቶቻችን እንኳ ሲያጠፉ የሚፈሩት ያንን የሴቶች መቀመጥ ነበር። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አሉኝ እማማ። «አዋጁን» አልኋቸው። «አሃ፣ ለካ ነገሩን ቀድሞ አስቦበታል» አሉ።

ቀን ሂዱ እንዳትለኝ። ቀን ቢሮ ነው፤ ቢሮው ደግሞ የመንግሥት ነው። ሄደን ፖሊሶቹ በዱላ ጫፍ እንደ ዶሮ አባረሩን። ሌሊት የሚማታን ሰው ሌሊት ካልደረስህበት መቼ ትደርስበታለህ?

አሁን ንገረኝ፤ አንተ የተማርህ ነህ። ምን እናድርግ?

አኩአባታ

——

ባሩ ጣቢያ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 1928

እትዬ፣

ደብዳቤሽን አነበብሁት። አላመንሁም ልልሽ ፈለግሁ፤ ግን አንቺን አውቅሻለሁ።

ለጊልበርት ጻፍሁለት። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ሰላምታው ብቻ ግማሽ ገጽ ነው። «ሴቶቹ ያጋንናሉ፣ ኤጂንማ ተደናቅፋ ነው፣ ዶሮ አርደን አብረን እንጸልያለን» ይላል። ሦስቴ አነበብሁት። አንዱም ቃል አይጎረብጥም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

እባክሽ በሌሊት እንዳትወጡ። ወህኒ ቢያስገቧችሁ ማን ይደርስላችኋል? ሕጋዊው መንገድ አቤቱታ ነው። ሹሙ ትክክለኛ ሰው ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እማማ ኦይሪዲያን አስቀድማችሁ በቀን፣ በሥርዓት፣ ፊቱ ቀርባችሁ ተናገሩ። እኔም በእንግሊዝኛ እጽፍለታለሁ። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ሲሰጡኝ እመጣለሁ። እስከዚያ ትዕግሥት አድርጉ።

ኤዜንዋ

——

ኡሙኬሬ፣ የአፎ ገበያ ማግስት፣ ኤፕሪል

ለወንድሜ፣

አቤቱታው እንዴት ሆነ ላልኸኝ፣ እነሆ።

በሥርዓት ሄድን። ጥሩውን ልብሳችንን ለብሰን፣ ለክብር የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ በሳህን ይዘን። ሹሙ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥቶ ተቀመጠ፤ ፊቱ የክፉ ሰው አይመስልም፣ ወጣት ነው፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጧል። አጠገቡ ጊልበርት ቆሟል። እኔ ሞኟ ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። የከተማው አስተርጓሚ እሱ ነው፤ ሌላ የለም። ወደ ኋላ ልመለስ ስል እማማ ኦይሪዲያ ክንዴን ያዙ። «ፊቱ ላይ ስናገር ያፍራል» አሉኝ።

ተናገሩ። «ይህ ከጎንህ የቆመው ሰው ልጃችንን ሊገድላት ነው። ሌሊት ይደበድባታል፣ አንተ ደግሞ ሌሊቱን ሰጥተኸዋል። ወይ እሱን ያዝልን፣ ወይ ደጁ ላይ የምንቀመጥበትን መብት መልስልን» አሉ። ጊልበርት አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ሲጨርሱ ወደ ሹሙ ዞሮ በእንግሊዝኛ ረጋ ብሎ ተናገረ። ሹሙ ፈገግ አለ። ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ረዘም ያለ ነገር መለሰ።

ጊልበርት ወደ እኛ ዞረ። «ሹሙ ምስጋናችሁን በደስታ ተቀብለዋል፤ ጨው ይሰጣችሁ ብለዋል» አለን።

«የምን ምስጋና?» አሉ እማማ።

«ስለ ሌሊቱ ጸጥታ ያቀረባችሁት ምስጋና ነዋ እማማ» አለ፤ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

እማማ ጨውን ተቀብለው ከረጢቱን ፈቱና ደረጃው ላይ ገለበጡት። ሹሙ ደነገጠ፣ ጊልበርትን ጠየቀው። ጊልበርት አንድ ነገር አለው፤ ሹሙ ባርኔጣውን አውልቆ ለእማማ አጎነበሰ። በኋላ ከዘበኛው እንደሰማነው «የአገሩ የበረከት ሥርዓት ነው» ብሎታል።

በዚያው ማታ ምን እንደሆነ አልጽፍም። በማግስቱ መስኮቱን ከውጭ በምስማር ቸንክሮት አየሁ፤ ቢሮ ሲሄድም በሩ ላይ ዘበኛ ያቆማል። ኤጂንማን ከዚያ ወዲህ ምንጭ ላይ ያየ የለም።

አኩአባታ

——

ባሩ ጣቢያ፣ ሜይ 2 ቀን 1928

እትዬ፣

ፈቃዴን ከልክለውኛል። የሚተካኝ ሰው የለም አሉ።

ለሹሙ የጻፍሁት ደብዳቤ መልስ አገኘ። ፖስታው ላይ ያለውን እጅ ጽሑፍ ገና ሳልከፍተው አወቅሁት፤ አብረን ነው ፊደል የለየነው። «ወንድሜ ኤዜንዋ፣ ቤት ውስጥ ያለ ነገር ቤት ውስጥ ይለቅ። የሹሙን ጊዜ በከንቱ አታባክን። እትዬ አኩአባታንም ምከራት፤ ዕድሜዋ ለወህኒ አይሆንም» ይላል። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል የለበትም። እንዴት አብረን እንደሳቅን አስታውሼ ታመምሁ።

በቀን፣ እሱ ቢሮ ሳለ፣ በሩን ሰብራችሁም ቢሆን አውጧትና በባቡር ወደ እኔ ስደጃት። እባክሽ። ዘበኛ አቁሞበታል ብለሽኝ ነበር፤ ዘበኛም እናት አለው፣ እናቱን ፈልጉ።

ደጅ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው ወይ ብለሽ ባለፈው በባቡር ነጂው በኩል ያስጠየቅሽኝን አይቻለሁ። እኛም ጣቢያ ላይ ያው ዓይነት ደንብ ተለጥፏል፤ ቃል በቃል አነበብሁት። ከበሮ፣ ዘፈን፣ መውቀጥ፣ ሙሾ፣ በጩኸት መሰብሰብ ይላል። ስለ መቀመጥ አይናገርም። ዝም ብሎ የተቀመጠን ሰው የሚይዝበት ቃል የለውም። ግን ለምን ጠየቅሽኝ? እትዬ፣ ምን አስባችኋል?

ኤዜንዋ

——

ኡሙኬሬ፣ ገበያ የለም፣ ሜይ

የእናቴ ልጅ፣

ሰላምታ አስቀድሜ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

የዘበኛውን እናት አገኘናት። አለቀሰች፤ ልጇ ግን አልሰማትም። ስለዚህ ደንቡ አይከለክለውም ያልኸውን አደረግን፣ ተቀመጥን። ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ በአንድ መጥተን የጊልበርትን ቤት ዙሪያውን ከበብን። ዘነዘና የለም፣ ዘፈን የለም። የሚያስላት እንኳ ሳሏን በቀሚሷ ጫፍ አፈነችው። ጊልበርት ፋኖሱን አንሥቶ በበሩ ሽንቁር አየን። ፖሊስ አስጠራ። ፖሊሱ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ዞሮ ዞሮ አየንና «ማን ጮኸ?» አለ። «ማንም» አልነው። «ታዲያ ምኑን ልያዝ?» ብሎ ሄደ። ያን ሌሊት ከቤቱ ምንም አልተሰማም። ንጋት ላይ ወደየቤታችን ሄድን፤ ደስ ብሎን ነበር፣ አልዋሽህም።

በማግስቱ ማታ ከጊልበርት ከራሱ ትውልድ መንደር ሴቶች መጡ። አክስቱ ጭምር። ስሟን ጠርቶ «አንቺም?» አላት በበሩ በኩል። አልመለሰችለትም። ለመነ። ጸለየ። ቀጥሎ ሰደበን፤ እኛ ከአፋችን አውጥተን የማናውቀውን ስድብ። መጨረሻ ላይ በሩን በርግዶ ወጣና «ጩኹ!» አለን። «ጩኹ እንጂ! ለምንድን ነው የማትጮኹት?» አደን የሚሄድበት ጠመንጃ እጁ ላይ ነበር፤ ያየነው ዘግይተን ነው።

የመታው እማማ ኦይሪዲያን ነው። ሆዳቸው ላይ። ወደቁና የቀሚሴን ጫፍ ያዙ። አፌን ከፍቼ ነበር። «ዝም በሉ» አሉኝ። «አንዲት ድምፅ ብታሰሙ ጥፋቱን ለእኛ ያካፍሉናል። የእሱ ብቻ ይሁን።» እኔም እጄን ነክሼ ዝም አልሁ። ጎኔ ያሉትም ዝም አሉ፤ ቃሉ ከአንዷ ወደ አንዷ ዞረ። ኤዜንዋ፣ ይህን ያህል ሴት አንድ ላይ ዝም ሲል ሰምተህ አታውቅም። እሱ ጠመንጃውን ጥሎ በጓሮ ሮጠ። ኤጂንማ በተከፈተው በር ወጣች፣ በእግሯ፣ በመካከላችን አለፈች፣ እማማ አጠገብ ተቀመጠች።

ዶሮ ሳይጮህ ሞቱ። ሬሳውን ከበን እስኪነጋ ጠበቅን። ፀሐይ ጫፏን ስታሳይ ለቀቅነው። ጩኸቱን የሚቀጥለው መንደር ሰማው፤ ያም ለሚቀጥለው አቀበለ። አሁን መንገዱ በሴት ተሞልቷል፤ ራሳቸው ላይ የዘንባባ ቅጠል አስረው ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ይመጣሉ፣ ብዙዎቹን አላውቃቸውም። ቢሮው ፊት ተቀምጠዋል። አንድ ቃል ነው የሚሉት፦ ሰውየውን ስጡን። ሰውየው ሹሙ ቤት ተደብቋል። ሹሙ በረንዳው ላይ ይወጣል፣ ያየናል፣ ከዚያ ወደ ኋላው ዞሮ በሩን ይጠይቃል፤ በሩም ይመልስለታል። የሚመልስለት ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ኤጂንማ እኔ ጋ ናት። ትንሽ ጎደሬ በላች። ከመጣች የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እስትንፋሳችሁ ይሰማኝ ነበር» አለች።

ወታደር ይመጣል ይላሉ። አንተ ሽቦው አጠገብ ነህ። ንገረኝ።

አኩአባታ

——

ባሩ ጣቢያ፣ ሜይ 24 ቀን 1928

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ከሰዓት ደረሰኝ። ቀድሞ ቢደርሰኝ ኖሮ ብዬ እንዳልጽፍ እጄን ይዤዋለሁ።

አዎ። ወታደር ይመጣል።

ከትናንት በስቲያ መልእክቱ በእኔ ጣቢያ አለፈ። ከኡሙኬሬ የተላከ ነው። «ሴቶች በሌሊት በታላቅ ጩኸት የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ወረሩ፤ ራሱን ሲከላከል አንዲት ተጎዳች፤ ከተማው ታውኳል፤ ወታደር በአስቸኳይ ይላክ» ይላል። የከተማችንን ስም አይቻለሁ። ቢሆንም የእናንተን ነገር አላሰብሁም። አንቺ የጠየቅሽኝ ዝም ብሎ ስለ መቀመጥ ነበር፤ ይሄ ደግሞ ጩኸት ይላል። ሌሎች ሴቶች ይሆናሉ አልሁ። በጣቴ ቃል በቃል አስተላለፍሁት። የጊልበርትን አጻጻፍ በወረቀት ብቻ ነበር የማውቀው፤ በሽቦ ሲመጣ አላወቅሁትም።

በሽቦ ላስጠነቅቅሽ ሞከርሁ። የግል መልእክት ከትናንት ጀምሮ ታግዷል፤ የጣቢያው ሹም ቁልፉን ወስዶ ራሱ ተቀምጦበታል።

ስለዚህ ስሚኝ። ሴቶቹን ከቢሮው ፊት አንሺ። ዝም ብላችሁ ተቀመጡም እንዳትያቸው፤ ዝምታችሁን ማንም ለወታደሮቹ አልነገራቸውም፣ የተነገራቸው ጩኸት ነው። ኤጂንማን ይዘሽ በጫካው መንገድ ወደ ወንዙ ማዶ ተሻገሪ። የእማማን ቀብር ሌሎች ይጨርሱት። እምቢ እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጽፌልሻለሁ።

ወታደሮቹን የያዘው ባቡር የገባው ከመሸ በኋላ ነው። ውኃ እስኪሞላ ቆሟል። የሚቀጥለው ጣቢያ መስመሩ ክፍት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የጣቢያው ሹም አየኝ፣ እኔም ክፍት ነው አልሁ። ሌላ ምን ልበል? ሀዲዱ ባዶ ነበር።

ወደ አንቺ የሚመጣ ሌላ ባቡር የለም፣ ይህን ደብዳቤ ለዚሁ ባቡር የፖስታ ከረጢት ነው የምሰጠው። ከከረጢቱ ቀጥሎ ያለው ፉርጎ ውስጥ ናቸው። ልጆች ናቸው እትዬ፣ ገና ጢማቸው ያልወጣ። ጫማቸውን አውልቀው የፉርጎውን ወለል እየደበደቡ ይዘፍናሉ። አራት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ደንቡ ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ የጣቢያው ሹምም በሩ ላይ ቆሞ በእግሩ ምት ይከተላቸዋል።

ወንድምሽ ኤዜንዋ